የለበሰ ሁሉ አስተናጋጅ ነው

"እህት፣ ሁለት እንደዚሁ! በረዶው በዛ ይበል" አለና ቀዩ ሰውዬ ባዶ ብርጭቆዎቹን ቬሮና እጅ ላይ አስቀመጠላት።

ሰውዬው ከገለባ ባርኔጣው በቀር በላዩ ላይ አንዲት ክር የለውም። ፀሐይ ትከሻውን እንደ ቲማቲም አቅልታዋለች። መልስ እንኳ አልጠበቀም፤ ዞሮ እንደሱው ዕርቃኗን ወደተጋደመችው ሚስቱ ሄደ። ቬሮና ከባሕር ዳሩ የእንጨት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ብርጭቆዎቹን አየቻቸው። የአንደኛው አፍ ላይ የከንፈር ቀለም ተለጥፏል።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ..." ብላ ሳትጨርስ፣ ባሏ ግሌንሮይ ከጎኗ ብድግ አለ።

"አምጪው፣ እኔ አደርስለታለሁ።"

"ምኑን ነው የምታደርስለት?"

"ሁለት ሩም በጭማቂ ነው። አሁን መጣሁ።"

ብርጭቆዎቹን ከእጇ ቀማትና አሸዋውን እያቋረጠ ወደ መጠጥ ቤቱ አቀና። ያቺን አረማመድ ታውቃታለች፤ ፈጣን፣ ድምፅ የሌላት፣ አንገት ሰበር ያለች። ከቁርስ ወዲህ እንዲህ ሲነሳ የመጀመሪያው አልነበረም። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጥተው ደረቅ ፎጣ እንድታመጣላቸው ቬሮናን አዘዟት፤ ግሌንሮይ ተነስቶ አመጣ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ጃንጥላው ይተከልልኝ አለ፤ ግሌንሮይ ተነስቶ ተከለ። የሄደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። አሁንም አልተመለሰም። ቬሮና ብቻዋን ባሕሩን እያየች ቀረች።

ለዚህ ነበር እንግዲህ ያን ሁሉ የጓጓችው! ግሌንሮይ ሞንቴጎ ቤይ ከተማ ባለው ትልቅ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ነው። የሆቴሉ ባለቤት በየዓመቱ ለምርጥ ሠራተኛው ከነሚስቱ ዕረፍት ይሸልማል። ዘንድሮ ሽልማቱ ለግሌንሮይ ደረሰና ኔግሪል ወዳለው ሌላኛው ሆቴላቸው ላኳቸው። ወሬውን ይዞ የመጣ ዕለት ቬሮና የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም መርፌ ሥር ጥላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጨፍራለች። ቀላል ነገር መሰላችሁ? ከተጋቡ ጀምሮ ገና ሲመጣ እሱ የሰው ገና ያደምቃል፤ ፋሲካ ሲመጣ የሰው ፋሲካ። የጋብቻቸው ቀን እንኳ ሲውል እሱ ለሌሎች ሙሽሮች ሻምፓኝ ሲከፍት ያመሻል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ባሏ አጠገቧ ቁጭ እንዲልላት ነበር የምትፈልገው።

ለዚች ቀን ብላም ቀሚስ ሰፋች። ቢጫ ጥጥ፣ ጀርባው ከፈት ያለ፣ ከፊቱ ከላይ እስከ ታች በዛጎል ቁልፎች የሚዘጋ። የተማሪዎቹን ልብስ እየሰፋች በመሃል በመሃሉ፣ ዓይኗ እስኪደክም ሠራችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በእጇ ነው የተከለቻቸው። ትናንት ለብሳው ከመኪናው ስትወርድ ግሌንሮይ ሻንጣውን ተሸክሞ ቀድሟት ገባ። ስለ ቀሚሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሌላ ደግሞ ያልተነፈሰው ነገር ነበረ። ቦታው ልብስ በውዴታ የሚለበስበት፣ ልጅ የማይገባበት፣ አዋቂዎች እንደተወለዱ የሚንጎራደዱበት መሆኑን በሩ ላይ ነው ያወቀችው።

"ብነግርሽ አትመጪም ብዬ ነው" አላት።

"ስላልነገርከኝ ነው እንጂ የምናደደው! ለመዘምራኑ በሙሉ ባሕር ዳር ልንዝናና ነው ብያለሁ። የፓስተሩ ሚስት ብትሰማ ምን ልበላት?"

"ማንም አያስገድድሽም እኮ። ቀሚስሽን ለብሰሽ ተቀመጪ።"

እውነቱን ለመናገር የሰው ገላ ቬሮናን አያስደነግጣትም። በምትኖርባት ከተማ፣ በሳቫና ላ ማር፣ ግማሹን ሴት በውስጥ ልብስ አቁማ ለክታለች፤ የማን ሆድ የት እንደሚታጠፍ ታውቃለች። ያቃጠላት እሱ ለብቻው መወሰኑ ነው። ቢሆንም ዋጠችው። ለዕረፍት ነው የመጣሁት ብላ ዋጠችው።

በዚህ መሃል የባሕር ዳሩ አስተናጋጆች አለቃ ሚስ ኢርማ፣ ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ወፈር ያለች፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት።

"የኔ እመቤት፣ በጣም ይቅርታ። እንግዶቹ አስቸገሩሽ አይደል?"

"እኔን ምን ሆነው ነው የሚያዙኝ? ይሄ አይታያቸውም?" ቬሮና የእንግዳ መለያ የሆነውን አረንጓዴ አምባሯን ክንዷ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

"አምባር ማን ያያል ብለሽ ነው!" ኢርማ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። "እዚህ እንግዳ ማለት የተራቆተ ነው። የለበሰ ሰው ካዩ አስተናጋጅ ነው በቃ። ባለፈው አንድ ፖሊስ ለሥራ መጥቶ ትሪ አሸክመውታል።"

ቬሮና አልሳቀችም። "ባሌን ምን አደረጋችሁት?"

ኢርማ ሳቋን ሰበሰበች። "መጠጥ ቤት ነው። የኛ ልጅ ኦርቪል ዛሬ ቀርቶብን..."

"ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ታሠራላችሁ? አታፍሩም?"

"ኧረ በማርያም ልጅ! እኛ መች ጠየቅነው? እረፍ ብዬ ለምኜዋለሁ እኮ። ራሱ ነው ሸሚዝ ስጡኝ ያለው።"

ይኼኔ የቬሮና ደም ፈላ። ቢለምኑት፣ ቢያስገድዱት ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ሄዳ አለቆቹን ትሰድብለት ነበር። ራሱ! ከሚስቱ አጠገብ ሸሽቶ ሸሚዝ ስጡኝ አለ! ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና አሸዋውን እየረገጠች ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደች። እሳት ለብሳ፣ እሳት ጎርሳ።

በሣር የተከደነው መጠጥ ቤት ውስጥ ግሌንሮይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሎሚ ይቆርጣል። ደረቱ ላይ "ኦርቪል" የሚል የስም ምልክት ተሰክቷል።

"ኦርቪል! እዚህ ሁለት ቢራ!" አለ አንዱ ከጥግ።

"አቤት ጌታዬ፣ መጣሁ!" አለ ግሌንሮይ።

ቬሮና ጆሮዋን ማመን አቃታት። በሰው ስም ሲጠሩት አቤት አለ! የገዛ ሚስቱ ከኩሽና ስትጠራው እኮ አንዳንዴ ሦስቴ ነው የምትደጋግመው።

"ኦርቪል" አለች ጠረጴዛው ፊት ቆማ።

ግሌንሮይ ቀና ሲል ቢላዋው እጁ ላይ ቀረ። "ቬሮና! አሁን ልመጣ ነበር..."

"የኔን ባል አይተኸው ይሆን? ረጅም ነው፣ ትንሽ መላጣ። ከኔ ጋር ለዕረፍት መጥቶ ነበር።"

"ቀስ በይ እባክሽ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ እንግዶች አሉ።"

"እኔስ? እኔ ምንድን ነኝ?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም..."

"እንዴት ማለትህ ነው ታዲያ? ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩህ ግሌንሮይ? በየገናው ሳህንህን ከድኜ ስጠብቅህ አልኖርኩም? አሁን እንግዳ አድርገው ሲያመጡህ፣ አልጋ ሲያነጥፉልህ፣ አንተ ሄደህ የሌላ ሰው ሸሚዝ ትለምናለህ! እኔ ዘንድ መቀመጥ ይሄን ያህል ይመራል?"

ግሌንሮይ ቢላዋውን አስቀመጠ። ግራ ቀኝ አየና ወደሷ ጎንበስ አለ።

"መቀመጥ አቃተኝ በቃ" አለ በሹክሹክታ። "ሳቂብኝ እንደፈለግሽ። ያ አልጋ ላይ ጋደም ስል አንዱ መጥቶ ምን ታደርጋለህ እዚህ ብሎ የሚያባርረኝ ይመስለኛል። ባዶ ብርጭቆ ሳይ እግሬ ራሱ ይነሳል። እጄን... እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ቬሮና።"

አሳዘናት። ግን ንዴቷ ሩቅ አልሄደም፤ ወዲያው ተመለሰ።

"ሚስትህ አጠገብህ ተኝታ" አለች፣ "እጅህን የት እንደምታደርገው ካላወቅክ፣ እኔ ምን ልበልህ?"

ከጥግ ያለው ሰውዬ በምራቁ ትን አለው።

ልክ በዚያች ሰዓት ከኋላዋ አንድ ጣት ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጋት። ዞር ስትል፣ ከጆሮ ጌጥ በቀር ምንም ያላደረገች ሴት በትሕትና ፈገግ ብላ፣ የተጋጠ የዶሮ አጥንት ያለበት ሳህን ዘርግታላታለች።

"ይህን ታነሺልኛለሽ የኔ ውድ?"

ቬሮና ሳህኑን አየችው። ሴትዮዋን አየቻት። ቀጥሎ ባሏን አየችው። የግሌንሮይ እጅ ሳህኑን ሊቀበል በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር!

ሳህኑን ራሷ ተቀበለችና ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ የመጀመሪያውን የዛጎል ቁልፍ ፈታች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ግሌንሮይ።

"ሥራ እየለቀቅኩ ነው።"

"ቬሮና!"

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያለች እስከ ታች ፈታቻቸው። ቀሚሱን ከትከሻዋ አወረደች፣ የውስጥ ልብሷንም አስከተለች። ከዚያ ቀሚሱን አንስታ አሸዋውን አራገፈችና፣ ልብስ ሰፊ እንደሚያጥፈው ስፌቱን ከስፌት ጋር አጋጥማ አጠፈችው። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የቦታው ደንብ ነውና ፎጣዋን ወንበሩ ላይ አነጠፈች። ተቀመጠች። ማንም ዞሮ አላያትም፤ ባለ ጆሮ ጌጧ ሴትዮ ብቻ ደንግጣ፣ "አፈር በበላሁ፣ ይቅርታ፣ እንግዳ መሆንሽን አላወቅኩም ነበር" አለችና ሳህኗን ራሷ ይዛ ሄደች።

"ቀዝቃዛ የዝንጅብል ቢራ" አለች ቬሮና፣ "ኦርቪል።"

ግሌንሮይ የሚገባበት ጠፋው። ፊቱ በላብ ተጠመቀ። "ስለ ፈጣሪ ብለሽ! ያን ቢጫ ቀሚስሽን ልበሺ!"

"ኦሆ! ቢጫ መሆኑን አይተሃል ለካ!"

"እንዴት አላይም? ከትናንት ጀምሮ እያየሁት አይደል?"

"ታዲያ አፍ የለህም? አምሮብሻል ማለት ምላስ ያቃጥላል?"

ግሌንሮይ የታጠፈውን ቀሚስ አየና፣ "የሰው ልብስ መስሎኝ ነበር" አለ።

"የሰው?"

"የደንበኛ። ለራስሽ ሰፍተሽ አታውቂማ! ሠርጋችን ላይ እንኳ የእህትሽን ነው የለበስሽው። ደንበኛ ሳታውቅ ተውሰሽ የመጣሽ መስሎኝ... እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ቬሮና ልትጮህበት ብላ ተወችው። እውነቱን ነው። መርፌዋ ሥር ያላለፈ የሰው ጨርቅ የለም፤ ለራሷ ግን መቼ ሰፋች? አላስታወሰችም። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደዳት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አሁን በደንብ አልለየላትም።

"ያንተ ነው" አለች በመጨረሻ። "ለኔም ለአንተም ነው የሰፋሁት። እንድታየው።"

ግሌንሮይ ደረቱ ላይ ያለውን ምልክት ነቅሎ ሎሚው አጠገብ አስቀመጠ። ሸሚዙን አወለቀ። ከመጠጥ ቤቱ ዞሮ ወጣና፣ ፎጣ ፈልጎ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አነጠፈና በቁምጣው ተቀመጠ። ተቀመጠ ይባላል እንጂ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው፤ ደረቱ ላይ አጣመራቸው፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ ጣላቸው።

"ቁምጣውስ?" አለችው።

"ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ! አንድ አንድ ነገር።"

ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም፤ ገና አልታረቀችውም።

ያን ጊዜ ባለ ባርኔጣው ቀይ ሰውዬ ከአሸዋው ላይ ብቅ አለ። ሆዱን አስቀድሞ፣ ፀሐዩን በእጁ እየከለለ፣ ሌሎቹ ሲጣሩ የሰማውን ስም ይዞ።

"ኦርቪል! ሁለቱ መጠጥ ምነው ጠፋ ወዳጄ?"

የግሌንሮይ መቀመጫ ከወንበሩ ተነሳ። ቬሮና አየችው። እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ልትጫነው ትችል ነበር፤ አልነካችውም። ከሄደ ይሂድ፣ ሻንጣዬን ይዤ ሳቫና ላ ማር እገባለሁ ብላ ቆረጠች። የታጠፈውን ቀሚስ ብቻ ከጠረጴዛው አንስታ ወደሱ ገፋችው።

"ያዝልኝ" አለችው።

ግሌንሮይ ግማሽ ቁመት ላይ እንዳለ ቀሚሱን ተቀበለ። በሁለት እጁ ያዘው። አውራ ጣቱ አንዷን የዛጎል ቁልፍ አገኘና ዳሰሳት። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሁን በሙሉ ወንበሩ ላይ።

"ኦርቪል ዛሬ አልመጣም ጌታዬ" አለ። "ሚስ ኢርማ ወዲያ ናት። እሷን ጥራት።"

ቀዩ ሰውዬ ግራ ተጋብቶ ቁምጣውን አየ፣ አምባሩን አየ፣ ቬሮናን አየ። "ታዲያ አንተ ማነህ?"

ግሌንሮይ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ ነበር።

"ቁልፎቹን በእጅሽ ነው የተከልሻቸው?" አላት።