ከሕመምተኞች ዝርዝር የወጣ ስም

«...ወለተማርያም፣ ገብረኪዳን፣ ወለተሥላሴ...» በስልክ ጸሎት ላይ የሕመምተኞችን የክርስትና ስም የሚያነቡት የጋሽ ተሻገር ድምፅ በመኪናው ስፒከር ይንቆረቆራል።

ናቲ ከስልኩ ቀና አለ። «እማዬ፣ ወለተሥላሴ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ንግስት ከመመለስ ይልቅ ሌይን መቀየር መረጠች። ከሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ናቲ ሥራ እስከሚገባባት አሌክሳንድሪያ ቀኟን ይዛ የምታዘግም ሴት፣ አሁን ሦስት መኪና በተከታታይ ቀደመች።

በየማለዳው በስልክ የሚደረገውን ጸሎት ሁለት መቶ ሰው ይከታተለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ልጇ፣ ያኔ በሴት ስም ብሩክታይት እየተባለ፣ ከክፍሌ አልወጣም፣ እህል አልቀምስም ሲል ስሙን ያስመዘገበችው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ናቲ ሆኗል። እሷም ቤት ውስጥ ናቲ ማለቱን ለምዳዋለች፤ ደጅ ላይ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ልጄን አሟታል» ብላ ማለፉ ቀላል ነው። ዛሬ የናቲ መኪና ጋራዥ ገብታ እሷ ባታደርሰው ኖሮ ምስጢሯ ባልተነቃባት ነበር።

«ታምሜያለሁ?» አለ።

«ሐኪሟ ጽፋ የለ? ዲስ... ምን ነበር?»

«ጀንደር ዲስፎርያ። እሱ ጭንቀቱ ነው እማዬ። መስታወት የሚያስጠላኝ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ የነበረው። ትራንስጀንደር መሆኔ፣ ሴት ተብዬ ተወልጄ ወንድ መሆኔ፣ ሌላ ነው፤ እሱ ማንነቴ ነው። ጭንቀቱ ጨርሶ የሌለባቸው ትራንስ ሰዎችም አሉ።»

«እኔ እኮ ሲሻልህ ወደ ድሮው ትመለሳለህ ብዬ...»

«የተሻለኝ ናቲ ሆኜ ስለኖርኩ ነዋ።»

ንግስት በዓይኗ ጠርዝ አየችው። የአክስቱ ሰርግ ላይ ፎቶ አልነሳም ብሎ መኪና ውስጥ የዋለው ልጅ፣ ትናንት የሥራ መታወቂያውን ፎቶ ሦስት ጊዜ ልኮላታል። ዛሬ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሊጀምር ነው። ጠዋት ሻወር ውስጥ ሲዘፍን፣ ድምፁ እንኳ አያስመሰግንም፣ ጎረቤት ሰፈር ታኮማ ፓርክ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እሷ ደግሞ ለዚህ ጤነኛ ልጅ ሁለት መቶ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሳ ታስጸልያለች።

አሌክሳንድሪያ ገብተው ቀይ መብራት ሲይዛቸው የስልኳን ማይክ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ንግስት ነኝ። ወለተሥላሴን ከሕመምተኞቹ ያውጡልኝ።»

«ተመስገን። ልጅቷ ዳነች?»

«ልጄ ወንድ ነው ጋሼ። ናቲ ይባላል። የለቀቀው ጭንቀቱ ነው። እሱነቱማ መቼ በሽታ ሆኖ።»

ሁለት መቶ ሰው ባለበት መስመር አንድ ሳል ብቻ ተሰማ።

«እና... የት ላስገባው?» አሉ ጋሽ ተሻገር።

«ከሚያመሰግኑት ጋር።»

«በየትኛው ስም?»

«ናቲ ይበሉት። ፈጣሪ ያውቀዋል።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው «ናቲ» ሲሉ አነበቡ። ናቲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ሳቁ ግን በትከሻው ያስታውቅበት ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ስልኩ ጠራ። ተናኘወርቅ ናት፤ ጸሎቱን የምትከታተል፣ ወሬ ቀድሟት የማያውቅ ጎረቤታቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ንግስት እየነዳሁ ነው ብላ ትዘጋው ነበር። አነሳችው።

«ተናኜ፣ ናቲ አጠገቤ ነው» አለች። «መጀመሪያ እሱን ሰላም በይው።»