የኦፕሬተሮቹ ቤት

«የኦፕሬተሩ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ የሰፈሩ ሰው «የትኛው ኦፕሬተር?» ብሎ መልሶ ይጠይቀዋል። እውነቱን ነው። አባት የኤክስካቫተር ኦፕሬተር፣ እናት የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር፣ ልጅ ደግሞ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ናት። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ለየቅል ነው፤ አንዱ ምድር ይቆፍራል፣ አንዷ ሰው ከሰው ታገናኛለች፣ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች። ራት ላይ ሲገናኙ ታዲያ «ዋናው ኦፕሬተር ማን ነው?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

«እኔ ባልቆፍር ፎቁ ሁሉ ምን ላይ ሊቆም?» ይላል አባት።

«እኔ አንድ ቀን ስልክ ባላነሳ ያኔ ታዩት ነበር!» ትላለች እናት።

«እኔ ባልሰፋ ሁለታችሁም ራቁታችሁን ሥራ ትገቡ ነበር» ስትል ልጅ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አባት የሚስቀው እነሱ ሲስቁ እያየ ነው። እናት ደግሞ ሥራዋ ጆሮ ነው። ደዋዩ «ሄሎ» ሲል ብቻ ማልቀስ አለማልቀሱን የምትለይ ሴት፣ የገዛ ባሏ ጆሮ መድከሙ ሊጠፋት ነው እንዴ? «እንጀራ ልጨምርልህ?» ብትለው «አዎ፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር» ይላታል።

«በሞቴ፣ እኛ ጋ ጎበዝ የጆሮ ሐኪም አለ፤ ሄደህ ታይ» አለችው አንድ ቀን።

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ይህችን እንኳ አጥርቶ ሰምቷታል። «አይሰማም ከተባልኩ ማን ማሽን ላይ ያስቀምጠኛል? ከማሽኑ ከወረድኩ ደግሞ እኔ ምንድን ነኝ?» አለና ፊቱን አዞረባት። አንጀቷን በላት። ከዚያ ወዲህ ስታናግረው ድምፅዋን ከፍ ከማድረግ በቀር ምንም አላለችም።

ሥራ ቦታው ላይ አንድ ደንብ አለ። የቧንቧ ቦይ ሲቆፈር፣ ታች ገብቶ ጭቃ የሚጠርግ ሠራተኛ አይጠፋም። ኦፕሬተሩ ከመቀመጫው ሆኖ የቦዩን ውስጥ አያይም፤ የአፈር ክምር ይከልለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክላክስ ያደርጋል፤ ሠራተኛው ይወጣና «ወጣሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ የማሽኑ መቆፈሪያ ባኬት የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። አባት ያችን «ወጣሁ» መስማት ካቆመ ሰነባብቷል። ክላክስ ያደርግና፣ ሰው ለመውጣት ይበቃዋል ብሎ ያሰበውን ያህል ጠብቆ ይቆፍራል። አንድም ቀን ምንም ደርሶ ስለማያውቅ ይኸው ልማድ ሆነ።

አንድ ረፋድ ላይ እንደ ልማዱ ክላክስ አደረገ፣ ጠበቀ፣ ባኬቱን ወደ ቦዩ አወረደ። ድንገት ከቦዩ ውስጥ አካፋ ተወርውሮ መጥቶ የማሽኑን መስታወት ገጭ አደረገው። እጁ ማንሻውን ለቀቀ፤ ባኬቱም ባለበት ቀረ። ክው አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ወደ ቦዩ አፋፍ ሮጠ።

ታች «ሽቦ» የሚሉት ቀጭን ሠራተኛ አንድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሟል። በባኬቱና በራሱ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ጓደኞቹ ተሯሩጠው ጎትተው አወጡት፤ ቦት ጫማው እዚያው ቀረ።

«ጮኸህ ነበር?» አለ አባት።

ሽቦ ጠጋ አለና አፉን ወደ አባት ቀኝ ጆሮ አስጠግቶ፣ «ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ!» አለው።

አባት ትኩር ብሎ አየው። «ከመቼ ወዲህ ነው ወደ ጆሮዬ እየተጠጋህ የምታወራኝ?»

ሠራተኞቹ ተያዩ። «ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋሼ» አለ ሽቦ በመጨረሻ። «እርስዎ ክላክስ ሳያደርጉ ነው ቀድመን የምንወጣው። ዛሬ ጭቃው ያዘኝ እንጂ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም ታዲያ?»

«ማን ይድፈር? ሥራ ያስለመዱን እርስዎ። እንዳያፍሩብን ብለን ነዋ።»

ወይ ጉድ! ምስጢሩን የደበቀ እሱ መስሎት ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀውለት የኖሩት እነሱ ናቸው፣ ያውም በነፍሳቸው ተወራርደው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሠራተኞቹን እንደዚያ ቀን ወዷቸው አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተናዶባቸው አያውቅም።

«ይሉኝታችሁ ገደል ይግባ!» ብሎ ጮኸና ወደ ሽቦ ዞረ። «ሚስትህ ፊት ቆሜ ምን ልላት ነበር? እኔ እንዳላፍር ብሎ ሞተልኝ ልበላት?»

ሽቦ አንገቱን ደፋ። በባዶ እግሩ ጭቃውን ይነካካል።

ፎርማኑ ጫጫታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። አባት የማሽኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። «ጆሮዬ አይሰማም» አለው። «ልጁን ልገድለው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እነሱን እንዳትናገር።»

ፎርማኑ ቁልፉን እያየ አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አባት አይቷል፤ ቃሉን ግን አልያዘውም። ትናንት ቢሆን ራሱን ነቅንቆ «እሺ» ብሎ ያልፈው ነበር።

«አልሰማሁህም» አለ። «ድገምልኝ።»