ወደ መሬት የምታሳየው ቀስት

«ሞታለች በሉኝና ልረፍ! በሩ ላይ ምን ያቆማችኋል?»

በላይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መድቃት ጀመረች። ደጃፉ ላይ ሸጋውና ፅጌ ተያዩ። ሸጋው ሐብሐብ ታቅፏል።

«ማነው የሞተው?»

«እናቴ ናታ! ጥቁር ለብሰህ፣ ሁለት ሆናችሁ በጠዋት የመጣችሁት ለመርዶ ካልሆነ ለምንድነው?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሸጋው የሊሞዚን ሾፌር ነው፤ ጥቁሩ ሱፍ የሥራ ልብሱ ነው። ዓርብ ዓርብ በላይነሽ መዲናት ኸሊፋ ሰፈር ካለው ከማዳም ቤት፣ አል አስማኽ ሰፈር ወዳለችው የጋራ ክፍሏ ስትመጣ ሦስቱም አብረው ምሳ ይበላሉ። ይኸው ነው።

ግን ሰው አገር ያለ ሰው መርዶ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ዘመድ ይደብቃል፣ ጓደኛ ተሰብስቦ ይመጣል። በላይነሽም ከሰኞ ጀምራ ስትጠብቀው ነበር። ሰኞ እናቷ ደሴ ላይ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በደወለች ቁጥር ወንድሟ ሚልኪያስ፣ «ተኝታለች፤ ሐኪሙ ብዙ አታውሪ ብሏታል። ፎቶዋን ልኬልሻለሁ» ይላታል። ፎቶው ይመጣል። ግን ጉም ነው።

«እስቲ ስልኩን አምጪው» አለ ሸጋው።

«ይኸው! ፊቷን ጋርደው ነው የሚልኩልኝ። መሐሉ ላይ ያለችውን ቀስት ደግሞ እያት። ወዴት ነው የምታሳየው? ወደ መሬት!»

ፅጌ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሸጋው ሳቁን ከሐብሐቡ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ቀስቷ፣ ንኪኝና ፎቶውን ላውርድልሽ ነው የምትልሽ። ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

«የመቃብር ምልክት ይነካል እንዴ?»

እሱ ነካት። ምንም የለም።

«አየህ!»

«ቆይ እንጂ! እዚህ የማዳም ዋይፋይ የለም፤ ዳታሽ ደግሞ ተዘግቷል።» ጥቅል ሞላላት፤ ዳታውን ከፈተ፤ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ፎቶ በራሱ እንዲወርድ አደረገ። «ያላ፣ ይቺን ግን ራስሽ ንኪያት።»

በላይነሽ አማተበችና ነካች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ጉሙ ተገፈፈ። እናቷ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ በሌላው ፎቶ አንሺውን ይገላምጣሉ።

«የድሮ ፎቶ ቢሆንስ?» አለች። ድምጿ ግን የፍርሃቱን ግማሽ ጥሏል።

«ድሮ ፋሻ ነበራቸው? አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሸጋው ለሚልኪያስ በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ደወለ።

እናትየው ራሳቸው ብቅ አሉ፤ ፋሻው ተነስቷል። በላይነሽ አልጋው ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅና እንባው ተቀላቀለባት።

«እማዬ! እማዬ፣ ታዪኛለሽ?»

እናትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ፣ «ሹግሉ፣ የሰው ቤት ሥራው፣ አከሳኝ፤ አጥንቴ ብቻ ቀረ» ስትላቸው የኖረችውን ልጅ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀስ ብለው መረመሩ።

«ማየቱንስ አያለሁ። ከሳሁ ያልሽው የቱ ጋ ነው?»