ድንቡሼ ጫማዋን ያወለቀች ቀን

አወለቀችው! በገዛ እጇ፣ ማንም ሳይለምናት፣ ድንቡሼ የግራ ጫማዋን አውልቃ ለመምህሯ ሰጠቻት። ቆይ ግን፣ ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይገባም።

ድንቡሼ የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ጉንጯ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ከምሳ በኋላ ልጁ ሁሉ ጫማውን በሩ ጋ ደርድሮ ፍራሹ ላይ ይተኛል፤ መምህራኑም ምሳቸውን የሚበሉት ያኔ ነው። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ጫማዋን እንዳደረገች ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታያለች። አታለቅስ፣ አትናገር።

"ይቺ ደረቅ ናት፣ ቁንጥጫ ነው የሚያስፈልጋት" ትላለች ምግብ አብሳይዋ።

ለመምህሯም ደረቅ መስላት ነበር። አንድ ቀን ልጅቷን ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ሲጥላት፣ እግሯ ይረፍ ብላ ጫማዋን ቀስ አድርጋ አወለቀችላት። ምን አለፋችሁ፣ ነቅታ ባዶ እግሯን ስታይ ጩኸቷ ሰፈሩን አናጋው፤ የመምህሯን ክንድ ነክሳ ጥርሷን አተመችበት። ዳይሬክተሯ እናትየዋን አስጠርታ፣ "እስከ ዓርብ እንደ ሌሎቹ ልጆች ካልሆነች ሌላ ቦታ ፈልጊላት" አለቻት። እናት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትውለው፤ ልጇን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ የላትም።

መምህሯ እስከ በር ተከተለቻት። "እህቴ፣ ልጅቷ ላይ የደረሰ ነገር አለ እንዴ?"

"ቤታችን ተቃጥሎ ነበር። ከተኛችበት ቀስቅሼ በባዶ እግሯ አስሮጥኳት፣ የመስኮቱ ስብርባሪ እግሯን ቆራረጠው። እኔ እኮ ረስታዋለች ብዬ ነው። ልጅ አይደለች?"

"እግሯ አልረሳማ" አለች መምህሯ፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ።

በማግስቱ መምህሯ ራሷ ከነጫማዋ ድንቡሼ አጠገብ ጋደም አለች። "በሩ ክፍት ነው። ጫማችንም እግራችን ላይ ነው። መሮጥ ካለም አብረን ነው የምንሮጠው" አለቻት። ሌላ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀንም እንደዛው።

"አንቺም ሕፃን ሆንሽ ደግሞ?" ብላ ሳቀችባት ምግብ አብሳይዋ። በሦስተኛው ቀን ድንቡሼ ጀርባዋን ፍራሹ ላይ አሳረፈች።

ዓርብ ደረሰ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። የጫማዋ ተለጣፊ ማሰሪያ ሲላቀቅ ጠርርር ሲል ተሰማ። ድንቡሼ ጫማዋን መምህሯ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና፣ "ያዢልኝ" አለች።

ተናገረች እኮ! ከዛ ጠባሳው ገና ያልጠፋውን እግሯን ዘርግታ ለጥ አለች። በእናታችሁ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት የተሸከመው ያ መዳፍ የማይሞላ እግር ነው። ሰው ይህን አይቶ እንዴት ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል?

ዳይሬክተሯ አፏን በእጇ ያዘች። "የዓርቡ ነገር ይቅር፣ ትቆይ" አለች በሹክሹክታ። "በይ አሁን ጫማውን አስቀምጪና ምሳሽን ብዪ።"

መምህሯ ራሷን ነቀነቀች። "ያዢልኝ ነው ያለችኝ።"

ክንዷ ደንዝዟል፣ ሆዷ ይጮኻል፣ ልጅቷ እስክትነቃ ደግሞ ገና አንድ ሰዓት አለ። እናንተ ብትሆኑስ፣ ታስቀምጡት ነበር?