ሻንጣዎቹ እንግዳ የሆኑ ዕለት

ግመሎቹ ጀርባቸው ባዶውን መጡ።

ይሁኔ የክፍል ቁልፎቹን በእጁ ይዞ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ያየው አቧራውን ነው፤ ቀጥሎ የግመሎቹን አንገት፤ ከዚያ የነጅሙዲንን ነጭ ኮፍያ። ሻንጣ ግን አላየም። ፀሐዩ ነው ብሎ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ግመሎቹ ግቢው ገብተው ከፓፓያው ሥር ሲንበረከኩም ከጭነት ጠፍር በቀር ጀርባቸው ላይ አንዳች አልነበረም።

«ሻንጣዎቹስ?» አለ ደረጃውን እየዘለለ ወርዶ።

ባለግመሉ ነጅሙዲን በሰላምታ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ትናንት አብረው ያመሹ ቢሆንም የይሁኔን ጤና ጠየቀ፤ የሆቴሉን ሠራተኞች ጤና ጠየቀ፤ ማንጎው እንዴት እንደያዘ ጠየቀ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሻንጣዎቹም ደህና ናቸው» አለ በመጨረሻ። «እንግዳ ሆነዋል።»

ሆቴሉ ድሮ የአንድ ባላባት የፍራፍሬ እርሻ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ የመንግሥት ሆነ፤ ቤቱ ተቀባ፣ አልጋ ገባለት፣ «የኮከብ ሠራተኞች ማረፊያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለበት። ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎች በሥራቸው የተመሰገኑ ሰዎች እየተመረጡ በአውሮፕላን ቆቦ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፣ ማንጎ እየበሉ ጥቂት ቀን አርፈው ይመለሳሉ፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ዛሬ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ይሁኔ ይህን ሥራ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ ተምሮታል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ቫርና በምትባል ከተማ፣ እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርድ እጁን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል፤ ሻንጣው በሌላ መንገድ ተጉዞ አልጋው እግር ሥር ይጠብቀዋል። እንግዳ ጓዙን እስከተሸከመ ድረስ ዕረፍቱ አልተጀመረም ይሉ ነበር አስተማሪዎቹ። ይሁኔ ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ራያ ቆላ ሲመለስ በልቡ ይስቅበት ነበር። እዚህ አገር ሰው ጓዙ ከዓይኑ ከራቀ እንቅልፍ ይወስደዋል? ሆኖም ሌላ ሙያ አልነበረውም። እዚያ ሳለ የቆቦ ሙቀት ውል ይለው ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ባሕሩ ውል አለው፤ አሁን ደግሞ ልቡ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለው ትልቁ ሆቴል ሄዶ ተቀምጧል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ከእንግዶቹ ጋር የሚመጡት ጓድ ካሳ በስልክ ቁርጡን ነግረውታል። ዛሬ ማታ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሻንጣውን አልጋው እግር ሥር ካገኘ የላንጋኖ ዝውውሩ ይፈረማል። ካላገኘ ይሁኔ እዚሁ ማንጎ ሲያስለቅም ይኖራል።

ለሻንጣው የተመደበችው መኪና ለመኸር ዘመቻ ተወስዳ ነው ነጅሙዲንና ግመሎቹ የተጠሩት።

ነጅሙዲን ታሪኩን ቁጭ ብሎ ተናገረ። ከአውሮፕላኑ የወረዱትን ሻንጣዎች ከቆቦ ጭኖ ጎሊና ወንዝ ሲደርስ ግመሎቹን ሊያጠጣ ጭነቱን አወረደ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ያን ሁሉ ሻንጣ አይተው የማን ነው አሉት። የእንግዶች ነው አላቸው። እንግዶቹስ የታሉ? ከኋላ እየመጡ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። በዚያ ሰፈር የመንገደኛን ዱላ ወይም ጓዝ የተቀበለ ቤት አሳዳሪው ነው፤ ጓዝ የገባበት ቤት እንግዳው ሳይበላና ሳያድር ከወጣ የቤቱ ስም አብሮ ይወጣል። አንዷ አንድ ሻንጣ አነሳች። ሌላዋ እንዳትቀደም ሁለት አነሳች። ወንዶቹም ወሬ ሰምተው ከማሽላ ማሳቸው እየሮጡ መጡ፤ ሻንጣ ያልደረሳቸው ሰዎች ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ተዉ አላልካቸውም?»

«ምን ልበላቸው? እንግዳ አትቀበሉ ልበል?» ነጅሙዲን ከልቡ ተገርሞ አየው። «ደግሞስ አንተው አይደለህ እንዴ ያልከው?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነዋ። ‹እንግዶቹ የሆቴሉ ብቻ አይደሉም፤ የእናንተም እንግዶች ናቸው› አላልክም? ወላሂ፣ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ነው ደስ ያለው።»

ይሁኔ ትዝ አለው። ንግግሩ የቫርና ነበር፤ እዚያ በየስብሰባው የሚባል፣ ተብሎም የሚረሳ። እሱም እንደዚያው ብሎት ረስቶታል። የተናገረውን የሚያምን ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«አንዱን አረንጓዴ ሻንጣ እኔም ቤት አስገብቻለሁ» አለ ነጅሙዲን አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሲቀበል የእኔ ቤት ባዶ ይደር?»

እንግዶቹ ቆቦ ላይ ሰልፍ ሲያዩና ንግግር ሲሰሙ ውለው ወደ ማታ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት። ይሁኔ አንደኛው ግመል ላይ ወጣ። ግመሉ ከኋላው ሲነሳ ሊደፋ ነበር፤ ከፊቱ ሲነሳ ክራባቱ ዓይኑ ላይ ተጠመጠመ። ነጅሙዲን እየመራ፣ ውጭ አገር ግመል መቀመጥ አያስተምሩም ወይ ብሎ ጠየቀው። መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ የባሕር ሰው ዋና እንጂ ሌላ ምን ያውቃል።

ሰፈሩ ከወንዙ ማዶ፣ ከሰው ቁመት በላይ በሆነው ማሽላ ውስጥ ተሸሽጓል። የሚጠበስ የእሸት ሽታ ገና ከሩቅ ተቀበላቸው። የመጀመሪያው ቤት የደመቀች ነው። ደመቀች የይሁኔ የአባቱ እህት ናት፤ በልጅነቱ አዝላ ጎሊናን ያሻገረችው እሷ ናት። ከውጭ ከተመለሰ ወዲህ በደጇ በመኪና ስንት ጊዜ አልፏል፤ ሥራ አለብኝ እያለ ወርዶ አያውቅም።

ደጃፏ ላይ እሸት ትፈለፍላለች። በተከፈተው በር ውስጥ አንድ ቡናማ ሻንጣ አቧራው ተጠርጎ፣ ነጠላ ለብሶ፣ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

«ደህና ዋልሽ፣ አክስቴ?»

«ማነው፣ ይሁኔ ነው?» አለች ከእግሩ እስከ ራሱ እያየችው። «እኔስ ሻንጣ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።»

ይሁኔ ከግመሉ ወርዶ ክራባቱን አስተካከለ፤ ነገሩንም ከሥር መሠረቱ አስረዳት። ሆቴል ምን እንደሆነ፣ አገልግሎት ምን እንደሆነ፣ ሻንጣው ከባለቤቱ ቀድሞ መድረስ ያለበት ለምን እንደሆነ ነገራት። ደመቀች እጇን ሳታቋርጥ በትዕግሥት ሰማችው። ሲጨርስ እሷም በተራዋ አስረዳችው። ሻንጣው ላይ የተንጠለጠለውን ካርቶን ማንም ሳይረዳት ራሷ አንብባዋለች።

«‹ብዙነሽ፣ ክፍል አራት› ይላል» አለች ደረቷን ነፋ አድርጋ። «ልጅቱ አራተኛ ክፍል ደርሳለች ማለት ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርቱ ገና ፊደሉን ነው የጨረስሁ። ማታ ታስነብበኛለች።»

«ክፍል አራት የመኝታዋ ቁጥር ነው፣ አክስቴ። ሆቴሉ ውስጥ።»

ደመቀች ትንሽ አሰበችበት።

«እንግዲያስ የመኝታዋ ነገር ተለውጧል» አለች። «መደቡ ላይ ነው የምትተኛ።»

«ሻንጣውን ስጪኝ፣ እባክሽ።»

«ለባለቤቷ እሰጣለሁ። አንተ የማን ቤት ሰው ነህና ከቤቴ ጓዝ የምታወጣ?»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። እሸቱን ዘግና በእጁ አስጨበጠችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይሁኔ እሸቱን በእጁ እንደያዘ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ሌሎቹም ቤቶች ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረባቸውም። የአንዱ ሻንጣ እጀታ ተሰብሮ ኖሮ በጠፍር ተጠግኖለታል። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ካርቶኑን በየቤቱ እየዞሩ ስላነበቡ የእስላም ስም ያለው ሻንጣ ወደ እስላም ቤት፣ የክርስቲያን ስም ያለው ወደ ክርስቲያን ቤት ተለዋውጧል፤ እንግዳ በሥጋ ነገር እንዳይቸገር። አንድ ሽማግሌ ብቻ የደረሰኝን አልለውጥም ብለው፣ ለክርስቲያን እንግዳቸው የሚያርድላቸው ክርስቲያን ጎረቤት ጠርተዋል፤ ሙክቱ ከበረቱ ወጥቶ ታስሯል። ይሁኔ በየደጁ ያንኑ ንግግር አደረገ። በየደጁ ጥንቅሽ ተሰጠው። ሰፈሩን ሲጨርስ አንድ ሻንጣ አላገኘም፤ ክንዱ ሙሉ ጥንቅሽ ግን ታቅፏል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከዛፍ ሥር ጠበቀው። ሰውየው መፍትሔ ነበረው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ቤት ለቤት ቢዞሩ ሁሉም ሻንጣ ባንድ አፍታ ግመሎቹ ላይ ይሆናል። የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሕዝቡም ቅር ይለው ይሆናል እንጂ እምቢ አይልም። እሱ ግን በገዛ እጁ አያደርገውም፤ ነገ ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው የሚያጭድ። የሆቴሉ ኃላፊ ይሁኔ ስለሆነ ይሁኔ አድርጉ ይበል።

ነገሩ ቀላል ነበር። ይሁኔ ላንጋኖን አሰበ፤ ሐይቁን፣ ባለ ቁምጣ እንግዶቹን፣ ቫርናን የሚመስለውን ነፋስ። ቀጥሎ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ጎንበስ ብሎ ደመቀች ቤት ሲገባና ነጠላውን ከሻንጣው ላይ ሲገፍፍ ታየው።

«ቆይ» አለ።

ቆይ ሲል አውቶቡሱ ደረሰ። መምጣቱን ለሰፈሩ ሰዎች ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ስለቆመ ሹፌሩ ከመቆም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሻንጣ የተቀበለ ሁሉ የእንግዳውን ስም እየጠራ በአውቶቡሱ መስኮት ሥር ተሰለፈ። እንግዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆቦ ላይ ንግግር ሲሰሙ ውለዋል፤ በስማቸው የጠራቸው ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ግራ እየገባቸው አንድ አንድ እያሉ ወረዱ።

«ብዙነሽ አራተኛ ክፍል!» አለች ደመቀች ከሁሉ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣች ግዙፍ ሸማኔ ከደረጃው ላይ ሆና ሳቀች። «ብዙነሽስ እኔ ነኝ። አራተኛ ክፍሉ ከየት መጣ? እኔ ሁለተኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት።»

«ምን ችግር አለ፣ ልጄ። እኔም እዚያው ገደማ ነኝ፤ አብረን እንዘልቀዋለን።»

ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ማሽላው ገቡ። ሌሎቹም ገቡ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከዛፉ ሥር ከቆሙት ከይሁኔና ከሊቀ መንበሩ በቀር፣ መንገዱ ላይ አውቶቡሱ፣ ሹፌሩ፣ የተቆራረጠ ጥንቅሽና ጓድ ካሳ ብቻ ቀሩ።

ጓድ ካሳ ቦርሳቸውን ለግመል አልሰጡም ነበር። ትልቅ የቆዳ ቦርሳ ነው፤ በእጃቸው እንደያዙት ነው የወረዱት። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ቆቦ ላይ ቆመው የዋሉበት ጫማ እግራቸውን ልጦታል። ይሁኔን ከአውቶቡሱ ጀርባ ወሰዱት።

«ሻንጣዎቹ አልጋው እግር ሥር ነው የሚያድሩት ተባብለን ነበር።»

«አዎ፣ ጓድ ካሳ።»

«እኔ ሪፖርት የምጽፍ ሰው ነኝ። እንግዶቹ በማሽላ ማሳ ውስጥ ጠፉ ብዬ ልጻፍ?» ድምፃቸው ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበረበት። «ሊቀ መንበሩን አነጋግሬዋለሁ፤ ካንተ አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው። ሁሉም ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። አንተም ከእኛ ጋር በአውሮፕላን ትሄዳለህ። ላንጋኖ ሰው ይጠብቃሉ።»

ይሁኔ ወደ ዛፉ አየ። ሊቀ መንበሩ እያየው ነው። ከአክስቱ ቤት በኩል ሁለት ሴቶች ጮክ ብለው ፊደል ሲቆጥሩ ተሰማ፤ አንዷ ስትስት ሌላዋ ትስቃለች፤ የምትስተው የትኛዋ እንደሆነች ግን አይለይም።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር አየ። ጓድ ካሳ ቦርሳውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው እያቀያየሩ ነው። ከመጡ ጀምሮ ማንም አልተቀበላቸውም። ኮታቸውን አይተው ፈርተዋቸው ይሆናል፤ ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን ስለሌለም ይሆናል። ያ ሁሉ ሰው እንግዳውን ይዞ ሲገባ እሳቸው ብቻ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ይህንንም ራሳቸው የሚያውቁት ይመስላል። አውቶቡሱ ላይ ተመልሰው እንዳይወጡ ያደረጋቸው ሪፖርቱ ብቻ አልነበረም።

«ያምጡት» አለ ይሁኔ እጁን ዘርግቶ።

ጓድ ካሳ ቦርሳውን አውቶቡሱ ላይ ሊጭንላቸው መስሏቸው ለቀቁለት። ከባድ ነበር። ይሁኔ ትከሻው ላይ አደረገው፤ ሊቀ መንበሩንም አለፈ፣ አውቶቡሱንም አለፈ፤ በማሽላው ውስጥ ወደ አክስቱ ቤት የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያዘ።

«ቦርሳዬን ወዴት ነው?» አሉ ጓድ ካሳ ከኋላው።

«ቤታችን» አለ ይሁኔ። ዘወር አላለም፤ ሰውየው ለጫማቸው እንዲመቻቸው ብቻ እርምጃውን ቀነስ አደረገ።