ስማቸው የታጠበ ካሴቶች

አማና፣ ያው አደራ፣ ሲመለስ ከተሰጠበት ቀን ይበልጥ ነጽቶ መመለስ አለበት፤ የሳላሕዲን እናት ሃጂራ ልጇን ያሳደገችው በዚህ ነው። ስለዚህ ሳላሕዲን ጥፋቱን የሠራው በደግ ልብ ነበር።

ዲንሾ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚያጠናው እንግሊዛዊ ኮሊን ፈቃዱን ሊያሳድስ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ መርጦ አሥር ካሴት ያለበትን ካርቶን ለመንገድ መሪው ለሳላሕዲን በአደራ ሰጠው። ሁሉም የእንግሊዝ ጃዝ ናቸው። ማቀፊያቸው ድሮ ተሰባብሮ ስለጠፋ፣ የተጫዋቾቹን ስም ኮሊን በማርከር እላያቸው ላይ ጽፎታል። ኮሊን ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳላሕዲን ካሴቶቹ አቧራ ለብሰው አያቸውና በሳሙና ውሃ በነከረው ጨርቅ አንድ በአንድ ወለወላቸው። ጨርቁ ሲጠቁር አቧራው መስሎት ነበር። አሥረኛውን ጨርሶ ቀና ሲል አሥሩም ካሴቶች ባዶ ፊታቸውን ይዘው አዩት።

በካርቶኑ ውስጥ አንድ ወረቀት ተረፈው። ኮሊን፣ እንግሊዝ ጃዝ አላት ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሳይሰማቸው ማለፍ የለበትም የሚላቸውን አሥር አልበሞች ዘርዝሮበታል፤ ከየስሙ ጎን ተጫዋቹ የሚጫወተው መሣሪያ አለ። ስሙ አለ፣ ካሴቱ አለ፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም።

በማግስቱ በጭነት መኪና ሮቤ ገባ፤ ከዚያም በሚኒባስ ጎባ ወጣ። ጎባ ላይ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑት ጋሽ ባህሩ በቀድሞው ጦር ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን መሣሪያው ከእጃቸው ወጣ። ይኸው አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የጠገኑትን ቴፕ እንኳ የሚፈትኑት በዜና ነው። ባለቤታቸው ማናልበሽ፣ በጎባ ከተማ ሚኒስትሮቹን ሁሉ በስም የሚያውቅ ብቸኛው ሳክስፎኒስት እያለች ትቀልድባቸዋለች።

«አካም ጅርታ፣ ሳላሕ» ብለው ጋሽ ባህሩ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቁት። የመጣበትን ሲነግራቸው እጃቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ጆሮዬ ዝጓል አሉ። ሳላሕዲን ግን አልተነሣም፤ ነገ ሰውዬው ይመጣል፣ ወላሂ የማሳየው ፊት የለኝም አለ። ጋሽ ባህሩ መፍቻቸውን አስቀምጠው የመጀመሪያውን ካሴት ከተቱት።

«ይሄ ባስ ክላሪኔት ነው» አሉ ገና ሳይቆይ። ሳላሕዲን ከወረቀቱ ላይ ጆን ሰርማን የሚለውን አነበበላቸው፤ ጻፉት። ከዚያ አልቶ ሳክስፎን መጣ፤ ከጃማይካ ሎንደን ሄዶ የቀረው ጆ ሃሪዮት። ጋሽ ባህሩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ይሄ ልጅ ከጓደኞቹ ኋላ አይሄድም፣ መንገድ ጠራጊ ነው አሉ። ፒያኖ የበዛበትን ለስታን ትሬሲ ሰጡት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ስምንቱ ስማቸውን አገኙ።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ቴነር ሳክስፎን፣ ሁለቱም ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም። በወረቀቱ ላይ የቀሩት ስሞች ተቢ ሄይስና ሮኒ ስኮት ሲሆኑ፣ ከግርጌ ኮሊን ሁለቱ በአንድ ባንድ አብረው ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል። ጋሽ ባህሩ እየደጋገሙ ሰሟቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሽ ባህሩ፣ ግማሽ በግማሽ ነው። ዝም ብለው ይጻፉት። ካሴቱ አፍ አውጥቶ አይናገር።»

«መናገሩንማ ይናገራል። የጠፋው ሰሚው ነው።»

ማርከሩን ከደኑት። አንድ ጊዜ፣ አሉ፣ የነፋሁት ሶሎ በሬዲዮ ሦስት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ስም ሲተላለፍ ኖረ። አመለከትኩ። ምን ለውጥ አለው፣ ሳክስፎኑ ያው ሳክስፎን ነው አሉኝ።

«የአንዱን ሰው ትንፋሽ ለሌላው አልሰጥም። ሂድና አጠፋሁ በለው።»

ሳላሕዲን ሁለቱን ካሴቶች ባዶ እንደሆኑ ይዞ ተመለሰ። ኮሊን ሲመጣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ነገረው፤ ጨርቁንም አሳየው። ኮሊን በተራ ስምንቱን አያቸው፤ ከዚያ አንዱን ባዶ ካሴት ቴፑ ውስጥ ከቶ እስከ ሃያ ሳይቆጠር የተጫዋቹን ስም ተናገረ። ያን ያህል የለየው ሰው ለምን እነዚህን ተዋቸው ብሎ ጠየቀ። ሳላሕዲን የጋሽ ባህሩን ቃል እንዳለ ነገረው። ኮሊን ጥቂት አሰበና፣ ሁለቱ የእሳቸው ይሁኑ አለ፤ ካርቶኑን ዘግቶም መልሶ ለሳላሕዲን አስያዘው፤ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ጉዞ ነበረበት።

በሳምንቱ ሳላሕዲን ጎባ ወጣ። ሁለቱን ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አፉን ሲከፍት ጋሽ ባህሩ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ አትንገረኝ።»

የተፈታውን ሬዲዮ ገፋ አድርገው አንዱን ካሴት ከተቱ። ማናልበሽ ከጓዳ ሆና፣ ዛሬ ዜና የለም እንዴ አለች። ጋሽ ባህሩ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሳላሕዲን በርጩማውን ስቦ ስሙን በአፉ እንደ አማና ይዞ ተቀመጠ።