ክዳኑ የተፈታው ሰማያዊ

የናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ታናሽየው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስክሪን የሚሆን ብርሃን ሰጪ ሞለኪውል ይነድፋል፤ ታላቅየው እዚያው እሱ ያቆሸሸውን ብርጭቆ ያጥባል። ታናሹ ይማር ብሎ ከትምህርት ቤት የወጣው ታላቅየው ነበር። ምን ዋጋ አለው! ታናሹ በሰው ፊት «አጣቢው» ይለዋል እንጂ «ጋሼ» ብሎት አያውቅም፤ ወንድማማች መሆናቸውንም ያወቀ የለም። ያቺ ነገር በታላቅየው ሆድ ውስጥ ተዳፍና ስትጤስ ኖረች።

የታናሽየው ሥራ ኢሪዲየም የሚባለውን ብረት መሃል አስቀምጦ ዙሪያውን እንደ ክንፍ የሚጣበቁበትን ሞለኪውሎች መለዋወጥ ነው፤ ክንፉ ሲለወጥ ቀለሙ ይለወጣል። ቀዩም አረንጓዴውም እሺ ብለውታል። ሰማያዊው ግን ቶሎ እየተቃጠለ ዕድሜውን በላው። በመጨረሻ የነደፈውን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሠርታ አበራችለት፤ እሱ ግን ያኔ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹም እጃቸውን ሰብስበዋል።

«ሳልሞት በዓይኔ ልየው» ብሎ ላከባት።

ኃላፊዋ ፈሳሹን በትንሽ ብልቃጥ ጨምራ፣ አየሩን አስወጥታ ከደነችው። «አደራህን፣ አንተ ያዝልኝ» ብላ ለአጣቢው ሰጥታው አብረው ሄዱ።

በሽተኛው ቀና አለ። «አጣቢውም መጣ?»

«መጣ እንጂ! አንሶላህንስ አልጠብልህ?»

ኃላፊዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ታላቅየው ግን ደሙ ፈላ፤ በሩ ጥግ ቆሞ ቀረ። አጣቢ ዕቃ ሲይዝ መጀመሪያ ክዳን ይፈታል፣ ከዚያ ይነቀንቃል። ልቡ ቂሙን ሲያመነዥክ እጁ ሳያማክረው ፈታ፣ ነቀነቀ፣ መልሶ ከደነ።

ኃላፊዋ ብልቃጡን ተቀብላ መጋረጃውን ዘጋችና ፈሳሹ እንዲበራ ሐምራዊ የእጅ ባትሪ አበራችበት። ብልቃጡ ንጹሕ ውሃ መስሎ ቀረ።

«ምነው? ጠዋት እንዲያ ሲንቦገቦግ!»

አየር ያንን ብርሃን እንደሚውጠው ታናሽየው ያውቃል። ብልቃጡን አየ፤ የወንድሙን እጅ አየ።

«ጋሼ... ከፈትከው እንዴ?»

«የምን ጋሼ?» አለች ኃላፊዋ።

«ታላቅ ወንድሜ ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አትቆጪው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደግሞ ብርሃኑ አልሞተም። ናይትሮጅን ንፉበት፣ አየሩ ሲወጣ ይመለሳል። ነገ ታመጡልኛላችሁ።»

እሱ ነገን አላያትም።

ከቀብሩ በኋላ ኃላፊዋ ናይትሮጅኑን ነፋችበት። ሰማያዊው ቁልጭ ብሎ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ና እይ!»

ዕድሜ ልኩን የተመኛት ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ አንገሸገሸችው። ጀርባውን ሰጥቷት ቧንቧውን ከፈተ፤ ታጥቦ የደረቀውን ብርጭቆ እያነሣ እንደገና ያጥብ ጀመር።